ቤት ለእንግዳ

በአዲስ አበባ ከተማ፣ ጥንት ዐራዳ ይባል በነበረውና ከጣሊያን ወረራ ወዲህ ፒያሳ የሚል ስም በተለጠፈበት ሠፈር፣ የድንጋይ ግድግዳ፣ የእንጨት ወለልና ሰፊ ሰገነት ያለው አንድ አሮጌ ሆቴል ይገኛል። እቴጌ ጣይቱ ሆቴል ይባላል። በሀገራችን የመጀመሪያው ሆቴል መሆኑን ያልሰማ የከተማ ሰው ጥቂት ነው። ሆኖም «የመጀመሪያው» የሚለው ቃል ዘወትር ለጉራ ያህል ብቻ ስለሚነገር፣ ቤቱ በእርግጥ ምን እንደ ጀመረ፣ ሲጀምር ምን ተቃውሞ እንደ ገጠመው፣ ከየትኛው እሳትና ከየትኛው ዝርፊያ ተርፎ እዚህ እንደ ደረሰ ሲወሳ እምብዛም አይሰማም።

በዚህ ዓምድ ስለ አንድ ሆቴል ቤት መጻፋችን እንግዳ የሚሆንበት አንባቢ ይኖር ይሆናል። ወታደሩ ስለ ግዳጁ፣ ነጋዴው ስለ ገበያው፣ ነዋሪው ስለ ውሃና ስለ መብራት እንዲጻፍለት እንደሚሻ እናውቃለን። ነገር ግን የዚህ ቤት ታሪክ የወታደሩም የነዋሪውም ታሪክ ነው። እንዴት እንደ ሆነ ከሥሩ ጀምረን እናስረዳለን።

ሆቴል የሚባል ነገር ከመምጣቱ በፊት በሀገራችን መንገደኛ የሚያድረው በሰው ቤት ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከደጅ ቆሞ «የመሸበት እንግዳ» ብሎ ይጣራል፤ ከውስጥም «ቤት ለእንግዳ» የሚል ድምፅ ይመልስለታል። እግሩ ይታጠባል፤ ከተገኘው ይቀርብለታል፤ መደቡ ላይ ይነጠፍለታል። ማለዳ ሲነሣ «ሒሳብ ስንት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር ባለቤቱን እንደ ሰደበ ይቆጠር ነበር። ይህ ክቡር ልማድ ነው፤ በገጠሩ ዛሬም አልጠፋም። ይሁን እንጂ ክቡርነቱ እንግድነቱ የአንድ ሰውና የአንድ ሌሊት እስከ ሆነ ድረስ ነው። እንግዳው ሺህ ሲሆን፣ ነፍጥ ሲይዝና ወር ሲቀመጥ ስሙ ይለወጣል።

እዚህ ላይ ወታደሩ አንባቢያችን ልብ እንዲል እንሻለን። የጥንቱ ጦር እንደ ዛሬው በየወሩ የሚቆረጥ ደመወዝ፣ በመጋዘን የተዘጋጀ ስንቅ አልነበረውም። ሲዘምትም ሲመለስም በባላገሩ ቤት ይሠፍራል። ባላገሩ ከጎተራው እህሉን፣ ከበረቱ ከብቱን፣ ከጓዳው ጠላውን ያቀርባል፤ አላቀርብም ለማለት አቅሙም መብቱም አልነበረውም። ከ1881 እስከ 1884 ዓ.ም. ገደማ ክፉ ቀን ተብሎ የሚታወቀው ረኃብ የቀንድ ከብቱን ፈጅቶ ሕዝቡን ባረገፈበት ጊዜ ይህ ሥርዓት ከነጭርሱ ሊቀጥል የማይችል መሆኑ ታየ። ከዚያም በ1885 ዓ.ም. ገደማ ዐፄ ምኒልክ ወታደር በባላገር ቤት መሥፈሩ ቀርቶ፣ ባላገሩ ከምርቱ አሥራት እንዲያወጣ፣ ጦሩም ከመንግሥት ጎተራ እንዲቀለብ ደነገጉ። ድንጋጌው በየሥፍራው በእኩል አልተፈጸመም፤ አሥራቱ ተከፍሎም ሥፈራው የቀጠለበት ሀገር ነበር። ቢሆንም «ባለነፍጥ የደረሰበትን ቤት ይበላል» የሚለው አሮጌ ልማድ በአዋጅ ሲነቀፍ ትልቅ ነገር ነው።

የሆቴሉን ታሪክ ከዚህ አዋጅ ለይቶ መተረክ ግማሹን መተረክ ነው ብለን እናምናለን። ምክንያቱም ከወታደሩ ሌላ በባላገሩ ጀርባ ላይ የሚያርፍ ሁለተኛ እንግዳ ነበረ፤ እርሱም የመንግሥት እንግዳ ነው። ለመንግሥት እንግዳ ድርጎ ይታዘዝለታል። በጉ፣ እንጀራው፣ ማሩና ጠጁ በየሠፈረበት ድንኳን ድረስ ይመጣለታል። እንግዳው ምስጋናውን ለቤተ መንግሥቱ ያቀርባል፤ በጉ ከማን በረት እንደ ወጣ ግን አያውቅም።

የዐድዋ ድል ይህን የእንግዳ ቁጥር አበዛው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የወራሪውን ጦር ካሸነፈች በኋላ፣ እስከዚያ ድረስ ከቁብ ያልቆጠሯት መንግሥታት መልእክተኞቻቸውን ተራ በተራ ወደ አዲስ አበባ ይልኩ ጀመር። ፈረንሳይ መጣች፤ እንግሊዝ መጣች፤ መስኮብ መጣች፤ የተሸነፈችው ጣሊያንም ራስዋ ቆንሲሏን አስቀመጠች፤ በ1896 ዓ.ም. የአሜሪካ መልእክተኛ ደረሰ። ከመልእክተኞቹ በስተኋላ ነጋዴው፣ አዳኙ፣ መሐንዲሱ፣ መሣሪያ ሻጩና ወሬ ቃራሚው ይከተላል። በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡሩ ሐዲድ ድሬዳዋ ሲደርስ ጉዞው አጠረ፤ የመንገደኛውም ቁጥር ጨመረ። ለዚህ ሁሉ ሰው ድርጎ ማዘዝ አይቻልም፤ ቢቻልም አይገባም። ዲፕሎማቱ እንግዳ ነው እንበል። ጠመንጃ ሊሸጥ የመጣውን ነጋዴ የሸዋ ገበሬ በምን ዕዳው ይቀልበዋል?

ለዚህ ጥያቄ በድንጋይና በእንጨት መልስ የሰጡት እቴጌ ጣይቱ ብጡል ናቸው። እቴጌይቱን የጦር ሰው ሊዘነጋቸው አይገባም። በጥር 1888 ዓ.ም. መቀሌ ላይ እንዳ ኢየሱስ የመሸገውን የጠላት ጦር በጥይት ብቻ ማስለቀቅ አስቸጋሪ በሆነ ጊዜ፣ የውሃ ምንጩን አስይዘው ምሽጉን በጥም ያስጨነቁት እርሳቸው እንደ ሆኑ በታሪክ የታወቀ ነው። የራሳቸውን ጦር አስከትለው ዐድዋ የዘመቱ፣ ፍል ውሃውን ተመልክተው ለአዲሲቱ ከተማ «አዲስ አበባ» የሚል ስም ያወጡም እርሳቸው ናቸው። ግብር በማብላትም ስመ ጥር ነበሩ። እንጦጦ ማርያም ስትመረቅ ያዘጋጁት ድግስ ለብዙ ዘመን ሲወራ ኖሯል። እንግዲህ ያን ያህል ድግስ ያለ ዋጋ ሲያበሉ የኖሩ ባለሙያ ሴት ምግብ በዋጋ የሚሸጥበትን ቤት ማሠራታቸው ነው የሚደንቀው። የስንቅን ነገር ጠንቅቆ የሚያውቅ አዛዥ፣ በነጻ የሚበላ ነገር ሁሉ አንድ ከፋይ እንዳለው ያውቃል።

ሆቴሉ የተመሠረተበትን ዓመት 1898 ዓ.ም. ነው ይላል። በሥራ ላይ የዋለበትን ጊዜ አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች ወደ 1900 ዓ.ም. ያስጠጉታል። የሁለት ዓመት ልዩነት ነው፤ የሚያጣላ አይደለም። ዋናው ነገር ዘመኑ ነው። የአቢሲኒያ ባንክ የተከፈተው በ1898 ዓ.ም. ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች የተሾሙት በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ነው፤ የምኒልክ ትምህርት ቤት ሥራ የጀመረው በ1901 ዓ.ም. ነው። ሆቴሉ የእነዚህ ሁሉ ታናሽ ወይም ታላቅ ወንድም ነው። ባንኩ ገንዘብን፣ ሚኒስቴሩ ሹመትን፣ ትምህርት ቤቱ ዕውቀትን በአዲስ መልክ ሲያደራጁ፣ ሆቴሉ መብልንና ማደርን አደራጀ። ስለ ባንኩና ስለ ሚኒስትሮቹ ብዙ ተጽፏል። ስለ ወጥ ቤቱ ግን የጻፈ ጥቂት ነው፤ ምናልባት ታሪክ የሚጽፉት ሰዎች ምሳቸው ተሠርቶ የሚቀርብላቸው ስለ ሆነ ይሆናል።

ቤቱ ሲከፈት ሰው አልገባም። ምክንያቱም ዋጋው ብቻ አልነበረም። እንጀራ ገዝቶ መብላት ነውር ነበር። ቤት የሌለው፣ ሚስት የሌለው፣ ዘመድ የከዳው ካልሆነ በስተቀር ማን ከአደባባይ ተቀምጦ በገንዘቡ ይበላል? ምግብ መሸጥም ከመግዛቱ የባሰ ነውር ተደርጎ ይታይ ነበር። ጠላና ጠጅ የሚሸጡ ሴቶች ነበሩ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በዐራዳ ገበያም ቆሎና ዳቦ ሳይሸጥ አይቀርም። መኳንንት በወንበር ተቀምጠው ሒሳብ የሚከፍሉበት ቤት ግን በሀገሩ ታይቶ አይታወቅም። እንደሚነገረው ዐፄ ምኒልክ ይህን በሰሙ ጊዜ መኳንንቶቻቸውን አስከትለው ወደ ሆቴሉ ሄዱ፤ በሉ፤ ጠጡ፤ ሲያበቁም ዋጋውን እንደ ማንኛውም ተመጋቢ በጠገራ ብር ከፈሉ። ከዚያ በኋላ መኳንንቱም አንዱ ሌላውን እየጋበዘ ይመላለስ ጀመር ይባላል።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ለሳቅ ነው፤ ንጉሥ ሒሳብ ከፈለ እየተባለ። እኛ ግን እንደ ትእዛዝ እናየዋለን። አንድ አዛዥ ወታደሮቹ የማያውቁትን ወንዝ እንዲሻገሩ ሲፈልግ በቃል ማዘዝ ይችላል፤ ፊት ሆኖ መግባትም ይችላል። ንጉሠ ነገሥቱ መኳንንቱን «ሂዱና ብሉ» ብለው ቢያዟቸው ኖሮ፣ ሄደው በልተው «ሒሳቡን ከቤተ መንግሥት ተቀበል» ይሉ እንደ ነበር አያጠራጥርም። የመብላቱ ነገር አላስቸገረም። ያስቸገረው የመክፈሉ ነገር ነበር፤ እርሱንም የከፈለ ሰው ብቻ ነው ሊያስተምረው የሚችለው።

የግብሩን አዳራሽ ከሆቴሉ አዳራሽ ጋር እናስተያየው። በግብር ቤት መቀመጫህ ማዕረግህ ነው። ቀድሞ የሚገባው መኳንንቱ ነው፤ ቀጥሎ ሹማምንቱ፣ ከዚያም ወታደሩ በየጭፍራው ይገባል። የሚደርስህ ጮማና የጠጅህ ዓይነት ስለ ደረጃህ ይመሰክራሉ። ከግብር የቀረ ሰው ተቆጥቷል ወይም ሸፍቷል ተብሎ ይጠረጠራል። ስለዚህ ግብር መብላት ከመጥገብ በላይ የመገዛት ምልክት ነበር። በሆቴሉ ጠረጴዛ ላይ ግን ብሩን የያዘ ሁሉ እኩል ይቀመጣል። የበላበትን ከፍሎ ሲወጣ ለማንም ባለዕዳ አይደለም። በእርግጥ ብር የሌለው ድኻ በሩንም አይረግጥም፤ ይህን ጉድለቱን አንሸፍንም፤ እስከ ዛሬም ያልተፈታ ጉድለት ነው። ይሁንና ሰው የበላውን እንጀራ ዋጋ አውቆ ለሠራው ሰው እጅ በእጅ የሚከፍልበት ሥርዓት በዐራዳ መሐል ተተከለ።

ለእቴጌይቱ ዘመኑ አልረዘመም። ባለቤታቸው በታመሙ ጊዜ የመንግሥቱን ሥራ እርሳቸው ሲመሩት ቆይተው በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ከሥልጣን ተገለሉ። በየካቲት 1910 ዓ.ም. እንጦጦ ላይ ዐረፉ። ቤታቸው ግን በሌላ ሰው እጅ ሥራውን ቀጠለ። ምድር ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብቶ ስለ ነበር እንግዳ አልጠፋም። በ1920ዎቹ ሆቴሉ «ኢምፔሪያል» የሚል የፈረንጅ ስም ይዞ ግሪኮች ያስተዳድሩት ነበር።

በ1927ና በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ዳግመኛ ልትወር መሆኗ በታወቀ ጊዜ ከአውሮፓና ከአሜሪካ የጎረፉት ጋዜጠኞች ከሠፈሩባቸው ቤቶች አንዱ ይህ ነበር። አልጋ ጠፍቶ በአንድ ክፍል ብዙ ሰው ይታጨቅ ነበር። ብዙዎቹ ለረጅም ጊዜ ወደ ጦር ሜዳ እንዲሄዱ ስላልተፈቀደላቸው ቀኑን በሆቴሉ አዳራሽ እየዋሉ፣ የሰሙትንም ያልሰሙትንም በቴሌግራም ይልኩ ነበር። ከመካከላቸው የሎንዶኑ ታይምስ ባልደረባ እንደ ነበረው እንደ ጆርጅ ስቲር ያለ፣ ወደ ኦጋዴን ሄዶ በዓይኑ ያየና ለኢትዮጵያ እውነቱን የመሰከረ አልታጣም። አብዛኛው ግን ጦርነቱን የዘገበው ከሰገነት ላይ ነው። በሞያችን ከወሬ ጋር ስለምንውል ይህን ሳንጠቅስ ለማለፍ አልቻልንም፤ ከሰገነት የሚዘገብ ጦርነት በዚያ ዘመን አልተጀመረም፤ በዚያ ዘመንም አላበቃም።

አሁን ወደ ከባዱ እንመጣለን። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ወጡ። የጠላት ጦር የገባው ሚያዝያ 27 ቀን ነው። በመካከሉ ባሉት ቀናት ከተማው አዛዥ አልነበረውም። ያን ጊዜ የሆነው በትምህርት ቤት መጻሕፍት በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል፤ እኛ ግን ለወታደርና ለከተማ ነዋሪ በሚታተም ጋዜጣ ልናልፈው አይገባንም። ሱቆች ተሰበሩ። መጋዘኖች ተዘረፉ። ዐራዳ ተቃጠለ። ይህን ያደረገው ገና ከከተማ ውጭ የነበረው ጠላት አልነበረም። ከጦር ግንባር አዛዡን አጥቶ፣ ተርቦና በመርዝ ጋዝ ተቃጥሎ የተመለሰ ወታደር፣ ከእርሱም ጋር የከተማው ሰው ተሳትፎበታል። የውጭ ሀገር ሰዎች በየኤምባሲዎቻቸው ግቢ ተጠለሉ። ጣሊያኖችም ሲገቡ ሥርዓት ልናስከብር መጣን ለማለት ሰበብ አገኙ።

እነዚያን ሰዎች ከዛሬ ወንበራችን ላይ ሆነን ልንፈርድባቸው አንሻም። ተሸንፎ፣ ስንቁን ጨርሶ፣ የአለቃውን ድምፅ ሳይሰማ ከተማ የገባ ሠራዊት ምን እንደሚሆን የጦር ትምህርት የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። የምንለው ይህን ነው። በ1885ቱ ድንጋጌ የተነቀፈው፣ ባለነፍጥ የደረሰበትን ቤት የሚበላበት ልማድ፣ ሥርዓቱ ሲላላ በሦስት ቀን ውስጥ ተመልሶ መጣ። የጣይቱ ቤት በዙሪያው ያለው ብዙ ሲቃጠል ሳይፈርስ ቀረ። ከዚያ በኋላ አምስት የወረራ ዓመታት ተከተሉ፤ የዐራዳን ገበያ ከሥፍራው ያነሡት፣ ፒያሳ የሚለውንም ስም ያወረሱን በእነዚያ ዓመታት ነው።

ከድል በኋላ ያለውን ዘመን በአጭሩ እናልፋለን። ቤቱ ወደ መሥራቹ ስም ተመለሰ። በከተማው አዳዲስና ታላላቅ ሆቴሎች ሲሠሩ ከበርቴው እንግዳ ወደዚያ ሄደ፤ ይኸኛው የመካከለኛ ገቢ መንገደኛ ማረፊያ ሆነ። ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ በመንግሥት እጅ ቆይቶ ኋላ ወደ ግል ይዞታ ተዛወረ። በየጊዜው የሚያልፍበት ሰው ተለወጠ እንጂ ቤቱ አልተዘጋም። ወለሉ ሲረገጥ ይንቋቋል፤ ደረጃው ሰፊ ነው፤ ጣሪያው ከፍ ያለ ነው። በቅርቡ ዘመን ለጾም ምግቡ የሚመጣ የውጭ ሀገር ሰው ብዙ ነበር። እቴጌይቱ የፈረንጅ ምግብ የሚቀርብበት ቤት አሠሩ፤ ከመቶ ዓመት በኋላ ፈረንጁ ሽሮና ምስር ፍለጋ መጣበት። ታሪክ አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ይቀልዳል።

እሑድ ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እሳት ተነሣ። በሆቴሉ ግቢ የነበረውን፣ ጃዝ አምባ በሚል ስም የሙዚቃ ወዳጆች ይሰበሰቡበት የነበረውን አሮጌ አዳራሽ እሳቱ አወደመው፤ ሆቴሉም ብርቱ ጉዳት ደረሰበት። በጦርነት፣ በወረራና በሦስት ቀን ዝርፊያ ያልጠፋ ቤት በሰላም ጊዜ፣ በሰንበት ቀን ሊጠፋ ጥቂት ቀረው። ከዚያ በኋላ ጥገና ተደርጎለት ወደ ሥራው ተመልሷል። የተቃጠለው አሮጌ እንጨት ግን አይመለስም።

ቀጥሎ የመጣው ደግሞ ሌላ ነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሠፈር በኮሪደር ልማት ሥራ ተለወጠ። በየካቲት ወር የዐድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም ተመርቆ ተከፈተ፤ በዚያው ሰሞን ደግሞ በዙሪያው የነበሩ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ሌላ ሥፍራ ተዛወሩ። ጣይቱ ሆቴል ቆሞ ቀረ። መንገድ መስፋቱን፣ የፍሳሽ ቦይ መሠራቱን አንቃወምም፤ በዚያ ሠፈር ጭቃ ውስጥ የኖረ ሰው ይፈልገዋል። ነገር ግን አንድ አሮጌ ቤት ጎረቤቶቹ ሁሉ ከፈረሱ በኋላ ብቻውን ሲቆም፣ ጡረታ ወጥቶ ጓደኞቹ ያለቁበትን አርበኛ ይመስላል። የሚያወራውን የሚመሰክርለት የለም። ሱቁ፣ ካፌው፣ የልብስ ሰፊው ደጅ፣ የወርቅ ሠሪው መስኮት አብረው ሲኖሩ ነው ሆቴሉ ለምን እዚያ እንደ ተሠራ የሚገባን። ለዐድዋ መታሰቢያ ባቆምንበት ሠፈር ከዐድዋ ማግሥት የተወለደውን ከተማ ጠባይ ብናጠፋ ሥራችን እርስ በርሱ ይጋጫል።

ሕጉ የለም አይባልም። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ የያዘ ሰው በአግባቡ እንዲጠብቀው ግዴታ ይጥልበታል። ችግሩ ቅርስ ሲባል አእምሯችን ወደ ላሊበላና ወደ አክሱም ብቻ መሮጡ ነው። የሚበላበት፣ የሚታደርበት፣ የሚሠራበት ቤት ቅርስ መሆኑ አይታየንም። ደግሞም እንዲህ ያለ ቤት እንደ ሐውልት አጥር ተደርጎለት ሊጠበቅ አይችልም፤ እንግዳ ካልገባበት ይሞታል። እንግዳ ከገባበት ደግሞ ወጥ ቤቱ ይነዳል፤ መብራቱ ይበራል፤ ሲጋራው ይጨሳል። ስለዚህ የሚጠበቀው በሥራው መካከል ነው። ሥራውም የማይታይ ዓይነት ነው፤ የመብራት መሥመርን በጊዜው መለወጥ፣ የጣሪያውን ቆርቆሮ መድፈን፣ ውሃ የገባበትን አግዳሚ ሳይበሰብስ መቀየር፣ አሸዋና ውሃ በእጅ አቅራቢያ ማኖር፣ የእሳት አደጋ መኪና የሚገባበትን በር ሸቀጥ እንዳይደረደርበት መከልከል።

ይህ የአዲስ አበባ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በየክፍለ ሀገሩ ከተማ፣ በምድር ባቡሩ መሥመር ላይ እንደ አዋሽ ጣቢያው ያሉ ቡፌዎች፣ በወረራው ዘመን የተሠሩና ስማቸውን ሦስት አራት ጊዜ የለወጡ ሆቴሎች፣ የግሪክና የአርመን ነጋዴዎች ያቆሟቸው ባለ ፎቅ ቤቶች ነበሩ፤ አሁንም ያልፈረሱ አሉ። ሲፈርሱም ሲቃጠሉም ስማቸውን የሚመዘግብ አይገኝም። በእኛም ከተማ የዚህ ዓይነት ቤት እንዳለ አንባቢያችን ያውቃል፤ ከእነዚህ መካከል በእንጨት ደረጃው ሥር የከሰል ጆንያ የተከመረበት፣ በአንድ አሮጌ የመብራት ሽቦ ላይ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣና ቴሌቪዥን የተንጠለጠለበት አይታጣም።

ወታደር በግዳጅ ምክንያት ከተማ ለከተማ ሲዛወር በእነዚህ ቤቶች ያርፋል፤ ይመገባል፤ አንዳንድ ጊዜም ግቢያቸው ለጊዜው ሠፈር ሆኖ ይሰጠዋል። በር ነቅሎ ማገዶ ማድረግ፣ ግድግዳ በስቶ ሽቦ ማሳለፍ፣ «በደንብ ልብስ ነኝ» ብሎ ሒሳብ ሳይከፍሉ መውጣት የትናንት ታሪክ ብቻ ናቸው ብለን ለመናገር ብንችል ደስ ባለን ነበር። የበላበትን ያልከፈለ ወታደር ስሙ ለአዛዡ እንዲደርስ ባለሆቴሉ ሳይፈራ ሊያመለክት ይገባዋል። አዛዡም አቤቱታውን እንደ ጥቃቅን ነገር ሳይመለከት ከደመወዙ ቆርጦ ሊያስከፍል ይገባዋል። ንጉሥ የከፈለበት ገበታ ላይ ለዐሥር አለቃ ነጻ የሚሆንበት ምክንያት የለም።

የከተማው ነዋሪም ድርሻ አለው። በዕድሜ የገፉት አባቶችና እናቶች የትኛው ቤት በማን ተሠራ፣ በፊት ስሙ ማን ነበር፣ በየትኛው ዓመት ጣሪያው ተለወጠ፣ የትኛው ክፍል ተቃጥሎ በሲሚንቶ ተተካ የሚለውን ያውቃሉ። እነርሱ ሲያልፉ ዕውቀቱም አብሮ ይቀበራል። የከተማው አስተዳደር ከሃምሳ ዓመት በላይ የቆዩትን ሆቴሎች፣ ቡና ቤቶችና የመንገደኛ ማረፊያዎች በአንድ መዝገብ እንዲያስመዘግብ፣ የእሳት መከላከያ ባለሞያም በየቤቱ ገብቶ የመብራት መሥመራቸውን ከበጋው ወራት በፊት እንዲመረምር እንጠይቃለን። ዝግጅት ክፍላችን በበኩሉ የአሮጌ ሆቴሎችን ፎቶግራፍ፣ ደረሰኝ፣ የዋጋ ዝርዝርና የእንግዳ መዝገብ ያላቸው አንባቢያን ይዘው ቢመጡ ቅጂውን አንሥቶ ዋናውን ወዲያውኑ ይመልሳል። ቢሮው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እኩለ ቀን ክፍት ነው።